ከአንገት በላይ ሕመም ሲገጥም፦ ቤት ምን ይደረግ፣ መቼ ወደ ስፔሻሊስት ይኬድ

ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ በውስጥ በኩል የተገናኙ ናቸው። ጉንፋን የያዘው ሕፃን በሦስተኛው ቀን ጆሮውን ይዞ የሚያለቅሰው፣ አፍንጫው ታፍኖ ያደረ ሰው ጠዋት ጉሮሮው ደርቆ የሚነሣው ለዚህ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያየው ሐኪም በአገራችን «ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት» ይባላል። እንዲህ ያለ ሐኪም በየከተማው አይገኝም፤ በሚገኝበት ሆስፒታልም ወረፋው ብዙ ነው። ስለዚህ ቤት የሚድነውን ቤት፣ ጤና ጣቢያ የሚበቃውን ጤና ጣቢያ መጨረስ፣ ስፔሻሊስት የሚፈልገውን ደግሞ ሳይዘገይ ማድረስ ያስፈልጋል።

እነዚህን ለመለየት ከሕመሙ ጥንካሬ ይልቅ የቆየበት ጊዜ የበለጠ ይናገራል። በጉንፋን የተዘጋ ድምፅ ያስጨንቃል፣ ግን ይለቃል፤ ምንም ሳያም 3 ሳምንት የጎረነነ ድምፅ ግን የጉሮሮ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ስልክ ላይም ይሁን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ ብቻ ይጻፍ። ከታች ያለው ሁሉ በዚያ ቀን ላይ ይቆማል።

በሰዓት የሚቆጠሩት

የሚከተሉት ቀጠሮም ሪፈርም አይጠብቁም፤ ቀኑም ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።

- ክብ የሰዓት ወይም የመጫወቻ ባትሪ አፍንጫ፣ ጆሮ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የገባበት ልጅ። ባትሪው እርጥበት ሲያገኝ ሥጋውን እንደ አሲድ ያቃጥላል፤ 2 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጉዳት ያደርሳል። ውሃም ዘይትም አትጨምሩ፣ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ።
- ትንፋሽ ሲያስገባ የሚያፏጭ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ፣ ወይም አፉን መክፈት ያቃተው ታማሚ።
- ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ ጆሮውን ወደ ፊት የገፋው ልጅ። መግሉ አጥንት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።
- ጆሮው እየመገለ የፊቱ አንድ ወገን የተጣመመ፣ ከባድ ማዞር የያዘው፣ ወይም ከትኩሳትና ከራስ ምታት ጋር አንገቱ የደረቀ ሰው።
- በአፍንጫ ሕመም መሐል ዓይኑ ዙሪያ ያበጠ ወይም አንዱ ነገር ሁለት የሚታየው።
- በትክክል ተይዞ 30 ደቂቃ ያላቆመ ነስር።

አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ፣ መስማት ካቆመም እንደ ድንገተኛ ይታያል። ይህኛው ስለማያምም ብዙ ሰው ይተወዋል፤ «ኩክ ነው» ወይም «ብርድ ነው» እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። ቤት የሚሞከር ቀላል መለያ አለ። አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማ ችግሩ ኩክ ወይም ከታምቡር በስተጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በደኅናው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማ ግን የመስማት ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ፣ በሐኪም የሚታዘዝ ስቴሮይድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ይሻላል፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል።

ጆሮ

*ኩክ።* ኩክ ቆሻሻ አይደለም። ጆሮ ራሱ የሚያመርተው መከላከያ ነው፤ በምንናገርበትና በምናኝክበት ጊዜ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። በክብሪት፣ በቁልፍ፣ በፀጉር መርፌ ወይም ጫፉ ጥጥ ባለው እንጨት የሚጎረጉር ሰው የሚያወጣው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን ወደ ታምቡሩ እየገፋ ያጠቀጥቀዋል። ከደፈነ እንዲህ አድርጉ፦

1. ጆሮው መግል የሚፈስበት፣ ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ከዚያ ውጭ ከሆነ ብቻ ቀጥሉ።
2. ግሊሰሪን ወይም የወይራ ዘይት በእጃችሁ ጨብጣችሁ አሙቁት። ቀዝቃዛ ጠብታ ያዞራል።
3. በጎን ተኝታችሁ 3 ጠብታ ጨምሩና 5 ደቂቃ ቆዩ። በቀን 2 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን።
4. በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባሰ ሊደፍን ይችላል፤ ኩኩ እያበጠ ስለሆነ አትደንግጡ።
5. ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አሳጥቡ። ውሃው እንደ ሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ገደማ፣ መሆን አለበት። በሚያጥበው ሰው ፊት «ያዞረኛል» ወይም «አመመኝ» ለማለት አትፈሩ፤ ወዲያው ሊቆም ይገባል።

ስኳር ያለበት አረጋዊ ጆሮው በውሃ እንዲታጠብ አይመከርም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ የጆሮ ሕመም ከያዘው ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ጭንቅላት አጥንት ሊገባ ይችላል።

*የገባ ነገር።* ጉንዳን ወይም በረሮ ገብቶ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ በጎን አስተኝታችሁ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ጨምሩበት፤ ነፍሳቱ ሞቶ ይቆማል፣ ሕመሙም ይበርዳል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ያወጡታል። ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ከሆነ ግን ፈሳሽ የሚባል ነገር እንዳይነካው፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይጣበቃል። በወረንጦ መሞከርም ክብ ነገርን ወደ ውስጥ ይገፋል። ለማውጣት የመጀመሪያው ሙከራ ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው፤ ልጁ ከታመመና ከፈራ በኋላ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ያስፈልጋል።

*የጆሮ ሕመም ከየት ነው?* በውጭ የሚታየውን የጆሮ ክፍል ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ይህ ሕመሙን ካባሰው ብዙ ጊዜ የቆሰለው የውጭው ቱቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመጎርጎር ነው። ካላባሰው፣ በተለይ ጉንፋን በያዘው ልጅ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ያለው የመካከለኛው ጆሮ ነው። ጆሮው ላይ ምንም ሳይገኝ የሚያመው ሰውም አለ፤ የበሰበሰ የመንጋጋ ጥርስ፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ወይም ጉሮሮ ሕመሙን ወደ ጆሮ ይልካሉ። ሲጋራ በሚያጨስ ወይም ጫት በሚያዘወትር አዋቂ ላይ ጆሮው ደኅና ሆኖ አንድ ጆሮ ብቻ ለሳምንታት ካመመው ጉሮሮው መታየት አለበት።

*የሚመግል ጆሮ።* እዚህ ላይ ቆም ብለን በዝርዝር እንናገራለን፤ በአገራችን ልጆች መስማት ከሚያጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነውና፤ ደግሞም በቤት እንክብካቤ ብዙውን ማዳን ይቻላል። «ጥርስ እያወጣ ነው»፣ «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ ዓመታት የሚመግል ጆሮ አለ። በታምቡሩ ላይ ያለው ቀዳዳ አይደፈንም፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ አስተማሪውን አይሰማም፤ ሰነፍ ይባላል።

መለያው 14 ቀን ነው። መግሉ ከጀመረ 14 ቀን ያልሞላው ከሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ በኪሎው ተሰልቶ የሚዋጥ አሞክሲሲሊን ለ5 ቀን ይሰጠዋል፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ እምብዛም አይረዳም፤ የሚሠራው ጆሮውን ማድረቅና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ ነው፣ በቀን 3 ጊዜ ለ2 ሳምንት። ጠብታው የማይሠራበት ዋና ምክንያት መግሉ ሳይጸዳ ከላዩ ስለሚጨመር ነው፤ መድኃኒቱ መግሉ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። አደራረቁ እንዲህ ነው፦

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
2. ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ውሃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ቅደዱና እንደ ኩራዝ ክር ጫፉን አሹላችሁ ጠቅልሉት። የጥጥ እንጨት፣ ክብሪት፣ በቶሎ የሚበጣጠስ ሶፍት አይሆንም።
3. ልጁን ጭን ላይ አስቀምጣችሁ ጭንቅላቱን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ። በውጭ የሚታየውን የጆሮ ክፍል በሕፃን ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ በትልቅ ልጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ቱቦው ይቃናል።
4. ክሩን እስኪርስ ድረስ አስገቡ። አውጡና በሌላ ደረቅ ክር ድገሙ። የወጣው ክር ደረቅ እስኪሆን ድረስ አራትም አምስትም ጊዜ ሊሆን ይችላል።
5. ከደረቀ በኋላ ብቻ ጠብታውን ጨምሩ። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ አራት አምስት ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጉ፤ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ትገፋዋለች። 5 ደቂቃ በጎን ይተኛ።
6. ክርም ጥጥም ጆሮ ውስጥ ተወሽቆ አይቅር። መግሉ መውጫ ይፈልጋል።

ሲታጠብ ብቻ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ቀዳዳው ላይ ይደረጋል፤ እንደጨረሰ ይወጣል። ወንዝና ገንዳ መዋኘት ይቅር። የጤና አዳም ጭማቂ፣ የነጭ ሽንኩርት ዘይት፣ የእናት ጡት ወተት በሚመግል ጆሮ ላይ መጨመር መግሉን ይመግበዋል እንጂ አያደርቀውም። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ ፋርማሲ ለዓይን የተሠራ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለጆሮ ቢሰጣችሁ ስህተት አይደለም፣ ለጆሮ ይሆናል። የጆሮው ግን ፈጽሞ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጄንታማይሲን ያለበት ጠብታ ሲሰጣችሁ «ታምቡሩ የተቀደደ ነው» ብላችሁ አስታውሱ፤ በቀዳዳው አልፎ የመስማት ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

ከ2 ሳምንት ትክክለኛ ማድረቅ በኋላ ያልደረቀ፣ ወይም ደርቆ ቀዳዳው ያልተዘጋ፣ ወደ ስፔሻሊስት ይሄዳል። መግሉ ጥቂት ሆኖ ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ግን አትጠብቁ፤ አጥንት የሚበላ የቆዳ ክምችት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምና ነው።

*የማይሰማ ሕፃን።* በ6 ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር፣ በዓመቱ አንድም ቃል የማይል ልጅ «አባቱም የዘገየ ነበር» ተብሎ አይተውም። የማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ልጅ ሁሉ ከዳነ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ውስጥ መስማቱ ሊለካ ይገባል። ጉንፋን ከለቀቀው በኋላ ቴሌቪዥን ድምፅ የሚጨምር ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ቀርቶበት ነው፤ አብዛኛው በ3 ወር ውስጥ ራሱ ይደርቃል፣ ካለፈ ይታያል። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን ወይም አሚካሲን መርፌ የሚወስድ ሰው ጆሮው መጮህ ከጀመረ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይንገር፤ በእነዚህ መድኃኒቶች የሄደ መስማት አይመለስም።

አፍንጫ

*ነስር።* አብዛኛው የሚመጣው ከአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ ፊተኛው ክፍል ነው፤ ጣት የሚደርስበት ቦታ ማለት ነው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ይበዛል። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማስደገፍና አናት ላይ ውሃ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሉ ግን ደሙ በጉሮሮ ይወርድና ሆድ ገብቶ ያስታውካል፣ ምን ያህል እንደፈሰሰም አይታወቅም።

ተቀምጣችሁ ወደ ፊት አዘንብሉ። ከአጥንቱ በታች ያለውን ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ግጥም አድርጋችሁ ያዙ። በአፍ ተንፍሱ፣ አፍ የገባውን ደም ትፉ። ሰዓት እያያችሁ 15 ደቂቃ ሳትለቁ ያዙ፤ «ቆሟል ወይ?» ብሎ በየደቂቃው መልቀቅ ነው የማይቆመው ምክንያት። ካልቆመ ሌላ 15 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ክፍል። ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው መጀመሪያውኑ ይሂድ፤ አዋቂ ሰው ነስር ሲደጋግመው ግፊቱን ይለካ። ካቆመ በኋላ ለ2 ሳምንት ጠዋትና ማታ ቫዝሊን በትንሹ በውስጡ ግድግዳ ላይ መቀባት ድጋሚውን ይከላከላል።

ከወንዝ ወይም ከኩሬ ውሃ የሚጠጣ ሰው ያለ ምክንያት በአንድ አፍንጫ ሲደማ፣ ደም ሲተፋ፣ ወይም ጉሮሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሰማው አልቅትን አስቡ። በጣት መጎተት ይቆርጠዋል ወይም ወደ አየር ቧንቧ ይገፋዋል። ጤና ተቋም አደንዝዘው በመሣሪያ ያወጡታል። ለሐኪሙ የምትጠጡትን ውሃ መናገር እዚህ ላይ ግማሽ ምርመራ ነው።

በልጅ አንድ አፍንጫ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከወረደ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የገባ ነገር አለ ብላችሁ ያዙ። ባትሪ አለመሆኑ ከታወቀ እናት ቤት ልትሞክረው የምትችለው ዘዴ አለ፦ ደኅናውን አፍንጫ በጣት ትዘጋለች፣ አፏን በልጁ አፍ ላይ ትገጥማለች፣ አጠር ያለ ፈጣን ትንፋሽ ትነፋለች። ነገሩ ብዙ ጊዜ ይወጣል ወይም ወደ ፊት ይቀርባል።

*«ሳይነስ»።* በከተማ ግንባሩን ያመመው ሁሉ ሳይነስ አለብኝ ይላል። ራስ ምታቱ እየተነሣ የሚሄድ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ የሚያቅለሸልሽ ከሆነ፣ ንፍጥም ከሌለው፣ ብዙ ጊዜ ማይግሬን ነው፤ ዓመታት አንቲባዮቲክ ቢዋጥበት አይድንም። ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስ፣ አፍንጫ የሚያሳክክና ንጹሕ ውሃ የሚያወርድ ደግሞ አለርጂ ነው። አቧራ፣ የማገዶ ጭስና ዕጣን ያባብሱታል፤ ቡና ሲፈላ ዕጣኑን ደጅ ማጨስ ብቻውን እፎይታ የሚሰጠው ሰው አለ።

እውነተኛው የሳይነስ ኢንፌክሽን አብዛኛው በቫይረስ ይመጣና ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ይለቃል። ወፍራም ቢጫ ንፍጥ ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው 10 ቀን አልፎ ካልተሻለ፣ ተሽሎ ከነበረ በኋላ እንደገና ከጠና፣ ወይም ከ39 ዲግሪ ጀምሮ ካለ ትኩሳትና ከፊት ሕመም ጋር 3 ወይም 4 ቀን ከቆየ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ያለው አዋቂ የላይኛውን መንጋጋ ጥርሱን ያሳይ፤ ሳይነሱ ከጥርስ ሥር ሊመረዝ ይችላል።

ለአለርጂውም ለሳይነሱም ከሁሉ ርካሹ መድኃኒት የጨው ውሃ ነው። 1 ሊትር ውሃ 5 ደቂቃ አፍሉና ለብ እስኪል አብርዱ። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልክ የተስተካከለ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ጨው ሲበዛ ያቃጥላል፣ ሲያንስም ያቃጥላል፤ ልኩን ጠብቁ። መርፌ በሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ወደ ፊት አዘንብላችሁ፣ አፍ ከፍታችሁ፣ በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ብላችሁ ስጡት፤ በሌላው ይወጣል። በየቀዳዳው 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀን 2 ጊዜ። የተረፈውን በማግስቱ ድፉት። የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አትጠቀሙ፤ ሲጠጣ የማይጎዳ ረቂቅ ነፍሳት በአፍንጫ ሲገባ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። የሚመግል ጆሮ ያለበት ሰው ይህን ሳይጀምር ሐኪም ይጠይቅ።

የአፍንጫ መርጫ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ያምታታቸዋል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የሚልከው «አፍሪን» ኦክሲሜታዞሊን ነው። በደቂቃ ይከፍታል፤ ከ5 ቀን በላይ ከተወሰደ ግን አፍንጫው ያለ እርሱ አይከፈትም፣ እንደ ሱስ ይሆናል። ዛይሎሜታዞሊን የሚባለው ጠብታም እንደዚያው ነው። «ፍሎኔዝ» ግን ፍሉቲካዞን የሚባል ስቴሮይድ ነው፤ በደቂቃ አይከፍትም፣ ሙሉ ጥቅሙን ለመስጠት እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል፣ በየቀኑ ነው የሚወሰደው። በሁለት ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል ትልቁ ስህተት ነው። አወሳሰዱ፦ ከጨው ውሃው በኋላ ጭንቅላትን ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ በቀኝ እጅ የግራውን፣ በግራ እጅ የቀኙን አፍንጫ፣ ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ እያዞሩ። ወደ መሐል ግድግዳው የሚረጭ ሰው ይነስረዋል። አጥብቆ መሳብም መድኃኒቱን ወደ ጉሮሮ ያወርደዋል።

ጉሮሮ

የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ የቫይረስ ነው። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን አብረውት ካሉ በሞቀ ፈሳሽ፣ በጨው ውሃ በመጉመጥመጥና በፓራሲታሞል ይለቃል። የሚያሰጋው ከ3 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ ላይ ድንገት ትኩሳት፣ ያበጠና ነጭ ነገር ያለበት ቶንሲል፣ የሚያም የአንገት ንፍፊት ይዞ ያለ ሳል የሚመጣው ነው። ይህ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ጉሮሮው ራሱ በሳምንት ይድናል፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ ግን የልብን ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል። በየሆስፒታሉ የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ የልብ ጉዳቱን መከላከል ይቻላል። አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃል፤ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ 600,000፣ ከዚያ በላይ 1,200,000 ዩኒት። የሚዋጥ ከተመረጠ 10 ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ ማቆም የተለመደው ጥፋት ነው። ከመርፌው በፊት ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ያሳከከው ወይም ያሳበጠው መሆኑን ተናገሩ፤ ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆዩ።

*እንጥል።* እንጥል አይወርድም፣ አይረዝምም፣ ጡት መጥባት አያስከለክልም። የሚያስታውክ ወይም የማይጠባ ሕፃን ሌላ ሕመም አለበት፤ እንጥሉ ሲቆረጥ ያ ሕመም ሳይታይ ይቀራል፣ በላዩም መድማት፣ መመረዝና ቴታነስ ይጨመርበታል። ተቆርጦ ብዙም ሳይደማ ተርፎ ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ ያልተረፈው ግን መጥቶ አይነግረንም። እባካችሁ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

*ቶንሲል መቼ ይወጣል?* በትክክል የተመዘገበ ሕመም በአንድ ዓመት 7 ጊዜ፣ ወይም ለ2 ዓመት በየዓመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለ3 ዓመት በየዓመቱ 3 ጊዜ ሲሆን። ሌላው ምክንያት እንቅልፍ ነው፦ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ከዚያ ደንግጦ የሚተነፍስ ልጅ። ይህን በስልክ 2 ደቂቃ ቀርጻችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

*አጥንት ሲወጋ።* የዓሣ ወይም የሥጋ አጥንት ሲሰካ ደረቅ እንጀራ ወይም ዳቦ ጎርሶ መግፋት ወደ ውስጥ ይቀብረዋል፣ የምግብ ቧንቧንም ሊቀድ ይችላል። ምንም ሳይበሉ ሂዱ፤ ማደንዘዣ ካስፈለገም ባዶ ሆድ ይጠቅማል።

3 ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን፣ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር፣ እንዲሁም አንገት ላይ የቆየ እብጠት ሁሉ መታየት አለባቸው። የአንገት እብጠት በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የንፍፊት ቲቢ ነው፤ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ ይለያል፣ በመድኃኒትም ይድናል። መተኮስና መብጣት ቁስል ይጨምርበታል እንጂ አያጠፋውም።

ወደ ስፔሻሊስቱ ስትሄዱ

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ወደ ቅርብ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ በክልል ደግሞ እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከአንገት በላይ ክፍል አላቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ ሪፈሩን በደረጃው አጽፉ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። ሪፈሩ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የተሞከረው መድኃኒት መጻፉን ከመውጣታችሁ በፊት እዩ። አንዱ ሲጎድል ከሩቅ የመጣ ሰው ይመለሳል።

የምትይዙት፦ የቀድሞ ካርድና የምርመራ ውጤት፣ ፊልም ካለ ፊልሙን ራሱን እንጂ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ባዶ ካርቶን። «ነጭ ክኒን ነበር» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ መቼ ጀመረ፣ በየትኛው ወገን፣ ምን ያባብሰዋል፣ ምን ተሞከረ። በዋዜማው ጆሮ ውስጥ ዘይት አትጨምሩ፤ ታምቡሩን ይሸፍናል፣ ቀጠሮውም በከንቱ ያልፋል።

ሐኪሙ ጆሮን በመብራት ያያል፣ በሹካ መሰል ብረት መስማትን ይፈትሻል፣ ሲያስፈልግ ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ የመስማት ልኬት ያዝዛል። ለአፍንጫና ለድምፅ ቀጭን ካሜራ ያስገባል፤ አስቀድሞ የሚያደነዝዝ ይረጫል፣ አፍ ይመራል፣ ጉሮሮ የደነዘዘ ይመስላል፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ጉሮሮው እስኪለቅ አንድ ሰዓት ያህል ምግብና መጠጥ አትቅመሱ። ሲቲ ስካን በመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ የሳይነስ ሲቲ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በመድኃኒት ተሞክሮ ሳይሻል ሲቀር ነው። በራሳችሁ ወጪ ቀድማችሁ አታንሡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የሕመሜ ስም ምንድን ነው? መድኃኒቱ በስንት ቀን ውስጥ ሊሻለኝ ይገባል? ካልተሻለኝ ወደ ማን ልመለስ?

ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ፣ ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ንጹሕ ውሃ ይቆማል። «ጥቂት ወተት ብቻ ነው» ማለት አይሠራም፤ ወተት እንደ ምግብ ነው። ቶንሲል ከወጣ በኋላ ሕመሙ እስከ 2 ሳምንት ይቆያል፤ ወደ ጆሮም ይወጋል። ፓራሲታሞል በሰዓቱ ይሰጥ፣ ልጁ ባይፈልግም ይጠጣ፤ የማይውጥ ጉሮሮ የባሰ ያምማል። የቀዘቀዘ አጥሚት፣ እርጎና ሾርባ ይሆናል፤ ቆሎና በርበሬ ይቆዩ። ቁስሉ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ መግል አይደለም። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ቅርፊቱ ስለሚለቅ ደም ሊመጣ የሚችልበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ከከተማ አትውጡ፤ ትኩስ ቀይ ደም ከታየ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ልጁን አስቀምጣችሁ ወደ ፊት አዘንብሎ እንዲተፋ እያደረጋችሁ ወደ ሆስፒታሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተሽከርካሪ ከሌለ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።